ቁልፉን የሚያዞርልህ ሰው

ሙሄ ወንድሜ፣

ዛሬ እህታችንን ሪሃናን ከቤቷ ወስደህ ኤርፖርት ለማድረስ ስትል መኪናው እንቢ ካለህ፣ ባትሪ አትግዛ። መብራቱ ደማቅ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ የሚቀረው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ስለተጎዳ ነው።

የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንተ ሞተሪኖውን በመፍቻ ቀስ አድርገህ ምታው። ከተነሣልህ መንገድ ላይ አታጥፋው።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ።
ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተኝተህ ሳለ፣ መንዳት ልለማመድ ብዬ፣ ሞተሩ ተነሥቶ እያለ ቁልፉን ደግሜ አዞርኩት። የሞተሪኖው ጥርሶች ተፋጩ።

ታናሻችንን ኢሊያስን «ያበላሸኸው አንተ ነህ! ወላሂ ሁለተኛ መኪናዬ አጠገብ እንዳላይህ!» ስትለው፣ አጠገባችሁ ቆሜ ዝም አልኩ።

ብቻህን አይሆንልህም፤ እኔ በማለዳ ስለወጣሁ ደግሞ ቤት ያለው እሱ ብቻ ነው። ቀስቅሰው።
ቁልፉን ከመስጠትህ በፊት ይህን ወረቀት ስጠው።

ሀሩን