ቀሚሱን ለዓለምነሽ ስለቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ተነጠቅሁ። መምህር ታደለ ዛሬ ልምምድ ላይ እሑድ ለሚታየው ቴአትር ወረቀት ሲያድል የዋናዋን ሴት፣ የጥሩወርቅን ቃል ለእኔ አልሰጠኝም። ክሊኒክ ለምትሠራው ድሬሰር፣ ለዓለምነሽ ሰጣት። ለእኔ የጥሩወርቅን ሽማግሌ አባት። አምስት መስመር። ቆጠርኩት።

"ጋሼ፣ ሴት ከተገኘች ወንድ ቀሚስ ለብሶ መጫወቱ ቀረ እኮ። ጎንደርም ቀርቷል" አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ሲናገር ዓይኔን አላየም። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። እንቢ ማለቴ ነበር።

ደባርቅ ውስጥ ቴአትር መሥራት ከጀመርን ሃያ ሁለት ዓመት። ያኔ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስላልተገኘች፣ ጢም የማያበቅለው እኔ ተመረጥኩ። ሙሽራ ሆኛለሁ፤ እናት፣ ምራት፣ ንግሥት፣ አንዴም ጠንቋይ። ሥራዬ ፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። የሴቶቹን አነጋገር የቀዳሁትም ከችሎት ነው፤ የአምባራሷ ስትምል፣ የአዲ አርቃይዋ ስትቆጣ፣ እጄ እየጻፈ ጆሮዬ ይሰርቃል። ገበያ ላይ "እሜቴ" እያሉ የሚጠሩኝ አሉ። ለምጄዋለሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። "እንግዲያው ቀሚሴን መልስልኝ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል ስለሆነ ባለጉዳይ የለም። ልምምድ አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ።

የልጅቷ ጉድለት፦ እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም። ትቸኩላለች። ለተመልካች ጀርባዋን ትሰጣለች።

መልካሙ፦ ዘፈኑ። ጥሩወርቅ ባሏ ሞቶ፣ መሬቷን የባሏ ወንድም ሲቀማት የምታንጎራጉረው ነው። መጨረሻው ላይ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ለገና በሠራነው ቴአትር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድምፄ ተሰንጥቆብኝ ሰው ያለቀስኩ መስሎት አጨበጨበ። ለማንም አልተናገርኩም። እሷ እንደ ቀላል ነገር ወጣችው።

ሲያበቃ መጥታ "ጋሼ፣ እጄን ምን ላድርገው?" አለችኝ። ነጠላሽን ያዢበት አልኳት። ከዚያ በላይ ላስተምራት አልፈለግሁም፤ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልቆይ አልቀረሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ወሬው ዳባት ደርሷል። የዓለምነሽ አባት ግራዝማች ውብነህ "ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?" ብለው ነገ ሊመጡ ነው። ታደለ ሊታመም ደርሷል። ዓለምነሽ ዛሬ ሁለት ጊዜ ቃሉ ጠፍቶባት ቆመች።

እውነቱን ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። የጥሩወርቅን ቃል ማንም ሳያዘኝ ሸምድጄዋለሁ። ቀሚሱም ገና ሳጥን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ግራዝማች ገበያ መሃል አገኙኝ። ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከጨው ተራው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"ሃያ ዓመት ሴት ሆነህ ተጫወትክ አሉኝ። ሰው ምን አለህ?"

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ልጅቷን ይዘዋት በከሰዓቱ መኪና ይሄዳሉ፤ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ትመለሳለች። ያልሆነውን መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

"አፏጩብኝ። ስም አወጡልኝ። አንዴ እናንተው አገር፣ ዳባት፣ ድንች ወረወሩብኝ" አልኳቸው።

"ታዲያ ልጄን ለዚህ ልስጥ?"

"የሳቁት ወንድ ቀሚስ ስለለበሰ ነው፣ ግራዝማች። የእርስዎ ልጅ የምትናገረው መሬቷን የተቀማች ሴት ቃል ነው። እንዲህ ያሉትን በየቀኑ እጽፋለሁ፤ አንዷም አታስቅም።"

"ከጎኗ የሚቆመው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ። አባቷን የምሆነው እኔ ነኝ።"

ለታደለ እንኳ እሺ አላልኩትም ነበር። ቃሉ ከአፌ ወጣ።

ግራዝማች እሺም እንቢም አላሉ። "ቁጭ ብዬ አያለሁ" ብለው ተነሡ።

ቀሚሱን ከሳጥን አወጣሁት። ለዓለምነሽ ወገቡ በጣም ሰፋት፤ ባለቤቴ በመርፌ ጠበብ አደረገችላት።

እሑድ፣ ግንቦት 16

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ያልገባው በመስኮት ያይ ነበር። ግራዝማች ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ በትራቸው በጉልበታቸው መሃል።

ዓለምነሽ ስትወጣ ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ። እጇ ነጠላውን ያዘ። ቀጠለች። ፉጨቱ አልተደገመም።

በሁለተኛው ክፍል ችሎት ፊት ቆምን። ቃሉ የእኔ ነበር። ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ጠፍቶብኝ የማላውቅ ሰው፣ ከአምስት መስመር ሦስተኛው ጠፋብኝ። የጥሩወርቅን ቃል ሁሉ አውቃለሁ፤ የአባቷ ግን የለም። ታደለ ከመጋረጃ ጀርባ ያንሾካሹካል፤ አይሰማኝም።

እሷ ክንዴን ያዘችና ወደ ዳኛው ዞረች። "ጌታዬ፣ አባቴ ደክመዋል። እኔ ልናገርላቸው" አለች። ወረቀቱ ላይ የለም። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ብሆን እያለቀስኩ የምለውን ክርክር እሷ ዝግ ብላ፣ ድምጿን ሳትጨምር ተናገረችው። የእሷ ይሻላል።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ግራዝማች ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ዳባት ተመለሱ። እኔን ሳይሰናበቱ። ዓለምነሽ በምሳ ሰዓት ፍርድ ቤት መጥታ ነገረችኝ። "አባቴ ደክመዋል" ስትል ሳቅ ብለው ነበር አሉ፤ አጠገባቸው የነበረ ሰው አይቷል። መኪናው ላይ ሲወጡ ያሏት ግን ይህን ብቻ ነው፦ "ለእናትሽ አልነግርም።"

"ምን ማለታቸው ነው፣ ጋሼ?" አለችኝ።

እኔም አላወቅሁም። አልከለከሉሽም አልኳት። ወደ ክሊኒኳ ሄደች።

ታደለ ለሰኔ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሚታይ ሌላ ጀምሯል። ልምምድ ሐሙስ ነው። እመጣለሁ አልኩት። ምን ሆኜ እንደምጫወት አልጠየቅሁም።