በሽታዬ ይመለስልኝ

ለ«ጤናዬ በእጄ» የስልክ መተግበሪያ የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነስልክዎና ከነቻርጀርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በመተግበሪያዎ መሠረት እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ደህንነቴ ስላስቸገረኝ ነው።

ስሜ ይኸነው አድማሴ ይባላል፤ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የምኖር ገበሬ፣ የፈረሰኞች ማኅበር አባልና የቆየሁ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ቤዛዊት አፑን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ርምጃዬን እየቆጠረ፣ እየመከረኝ፣ ስለ እኔም ለጤና ጣቢያው እያሳወቀ እንዲኖር ነበር። ስለ ደግነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼን ግን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በእኛ አገር በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ገበያ የሚወጣው በፈረስ ነው። ኪሴ ቀዳዳ ስለሆነ ስልኩን ከኮርቻው ከረጢት እከተዋለሁ። አፑም ዳማ የሚባለውን ፈረሴን ርምጃ አንድ ሳያስቀር በእኔ ስም መዘገበው። ለጥር በዓል ጉግስ መለማመድ የጀመርን ሰሞንማ በየማታው እንኳን ደስ ያለዎት እያለ፣ ከዞኑ ታማሚዎች ሁሉ ብርቱው እኔ መሆኔን አበሠረኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ውዴ ግን መደብ ላይ ተጋድሜ ባየችኝ ቁጥር ብርቱው ሰውዬ እስቲ ተነሥና እንጨት ፍለጥ እያለች መሳቂያ አደረገችኝ።

፪ኛ/ ከዚያ በኋላ አፑ በገዛ ሥልጣኑ አዳነኝ። ኪኒኔን ልወስድ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ እንየው ኮምፒውተሩን አየና ጋሼ ድነዋል፣ ለዳነ ሰው መድኃኒት ላወጣ ብል ሲስተሙ አይከፍትልኝም አለኝ። ጨዋ ልጅ ነውና ግፊቴን ለካ፤ ደነገጠ፤ ደግሞ ለካ፤ ደግሞ ደነገጠ። ሲስተሙ ግን አልደነገጠም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ለጌታው ይድንለታል ሲባል ግን ያሁኑ የመጀመሪያዬ ነው።

፫ኛ/ አቤቱታ ለማቅረብ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥቼ ወደ ቢሮዎ ደወልሁ። ድምፅዋ ማር የሆነች ልጅ ቅሬታዎን በአፑ ላይ ይሙሉ አለችኝ። አፑ ደግሞ ለዳኑ ሰዎች ያዘጋጀው መልስ ሦስት ብቻ ነው፦ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። በሽተኛ ነኝና ዝቅተኛውን ነካሁ። ይበርቱ፣ የተሻለ መሥራት ይችላሉ ብሎ ገሠጸኝ።

፬ኛ/ ይህችኛዋ ትንሽ ታስቀይመኛለች። ኪኒኔ ካለቀ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ዓይኔ ጨለመና ከኮርቻዬ ወደቅሁ። ዳማ ደንግጦ ስልኩን እንደ ተሸከመ ወደ ቤት ሸመጠጠ። እኔ ሣር ላይ ተዘርሬ እግዜርን ስጠራ፣ አፑ የላከልኝን መልእክት ኋላ ቤት ገብቼ አነበብሁት፤ ዛሬ የራስዎን ክብረ ወሰን ሰብረዋል፣ በዚሁ ይቀጥሉ ይላል። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ፈርቼ ነበር። ውዴን ሳልሰናበት የምሞት መስሎኝ ነበር። እባክዎ፣ በዚሁ እንዳልቀጥል ይፍቀዱልኝ።

፭ኛ/ አምስተኛውን ውዴ ስድብ ነው ብላ አስተውታኛለች።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። በሽታዬ በስሜ ይመለስልኝ፣ ከበሽታዬም ጋር ኪኒኔ። ጤናውንም ለዳማ ይመልሱለት፤ የደከመበት እሱ ነው።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ ፈረስ የሚያህል ጤና ያለው፣ በቤቱ ግን ግድግዳ ይዞ የሚሄደው
ይኸነው አድማሴ

ግልባጭ፦
ለውዴ (እንዳትስቅ)

ማስታወሻ፦ መውደቄን ለቤቴ ማን አሳወቀ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ዳማ ነው። ባዶ ኮርቻውን ይዞ ደጃፍ ላይ አሽካካ፤ ውዴም ወዲያው ገባት፤ በመጣበት መንገድ እየመራ ካለሁበት አደረሳት። ኔትወርክ አልፈለገም፣ የይለፍ ቃልም አልጠየቃትም። በቢሮዎ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ በትሕትና እሱን እጠቁማለሁ፤ ደመወዙ ገብስ ነው፣ የጤና ማስረጃው ደግሞ አስቀድሞ እርስዎ ዘንድ ተመዝግቧል።