ምስጋና አብሾ አልጠጣም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙሉዓለም። በሰው አገር ጤናህ እንዴት ነው? ወባው ለቀቀህ? ባለቤትህ ቤተልሔምስ እንዴት ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? ሱቁስ ሰው ይገባበታል? እኔ እህትህ የትናየት፣ አምላክ ይመስገን፣ በአካል ጤና ነኝ። እናታችንም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። ገብሱ ገብቷል፤ ጤፉ ገና እየታጨደ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አፌን ስከፍት አጎታችን ጋሽ ይታየው ስልኩን ይቀሙኛል። ስለዚህ በደብዳቤ ጽፌ፣ የአገራችን ልጅ ካሴ አንተ ወዳለህበት ወደ ጅግጅጋ ሲመለስ እንዲያደርስልኝ ሰጥቼዋለሁ። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ታናሻችን ምስጋና ከታች ጋይንት ከቅኔ ቤት የተመለሰው ለአእምሮው ማስፊያ ብሎ አብሾ ጠጥቶ፣ ናላው ዞሮ ነው ብለውሃል። ውሸት ነው። ይዘውት የመጡት መምህሩ የኔታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በእግራቸው። እናታችን ፊት ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሩን። ልጁ አንዳች ነገር አልቀመሰም። ከፋሲካ ወዲህ እንቅልፍ ርቆታል። ቅኔ ሊነግር ሲነሳ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በኋላማ ከጎጆው መውጣት አስጠላው፤ ጓደኞቹ ለምነው የሚያመጡለትን ቁራሽ እንኳ አይነካም። ልጁ ታሟል፣ ጠበልም ሐኪምም አሳዩት ብለው መርቀውን ሄዱ።

ደብረ ታቦር ወሰድኩት። ሐኪሟ ሳትቸኩል አነጋገረችው። ድባቴና ጭንቀት ነው አለችን፤ ሰው ሁሉ ሊታመመው የሚችል፣ የሚታከም በሽታ ነው። ኪኒኑ ሥራውን የሚጀምረው ሳምንታት ቆይቶ ስለሆነ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ ጠበሉን ከፈለገ ይጠመቅ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አለች። ስንመለስ ምስጋና መኪናው ውስጥ፣ ለካ ስም አለው እንዴ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ራሱ ጀምሮ ያወራኝ ያን ቀን ነው።

ኪኒኑ ገና ሳይሠራለት ጋሽ ይታየው ቀምተው ወሰዱበት። ለምን ብትል ለእኔ ሰርግ። የአእምሮ ሕመም ነው ከተባለ የእጮኛዬ የምናለ ቤተሰቦች በዘራቸው አለ ይላሉ፤ አብሾ ግን ከውጭ የመጣ ነገር ስለሆነ ዘር አይነካም። ልጁን በሐሰት ጠጪ አድርገው እኔን በጥር ሊድሩኝ ነው። ላንቺ ብለን እኮ ነው ይሉኛል፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ከስማዳ አንድ መድኃኒተኛ አስመጥተው የአብሾ ማርከሻ ነው ያሉትን ወቅጠው በጠበጡ። ሽታው እስከ አጥር ድረስ ይከረፋል። ግቢያችን መሐል ለአራት ይዘው፣ አፉን ፈልቅቀው ጋቱት። ጎረቤቱ ዙሪያውን ቆሞ ከንፈር ይመጥጣል፤ ሊጠይቅ የመጣ ሳይሆን ሊያይ የመጣ ነው። ያንኑ ያጠጡትን አረንጓዴ ነገር መልሶ ሲያስታውክ፣ ጋሽ ይታየው በዘንጋቸው እየጠቆሙ፣ ይኸው አብሾው ወጣለት አሉ። ሰዉም አመነ። ሙሉዓለም፣ ያስጠላኝ ትውከቱ አይደለም፤ እሱን በእጄ ጠርጌዋለሁ። ቋቅ ያለኝ ሰዉ ነው። የዘመዶቼ ፊት እስካሁን ይቀፈኛል።

አንተም ቀፈፍከኝ። ያን ሰዓት በስልክ ነበርክ፣ ድምፁ ለሁሉ ተከፍቶ። ደግ አደረጋችሁ፣ አጥብቃችሁ ያዙት ስትል ሁላችንም ሰምተናል።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ባሰበት። አንድ ቀን ራሱን ሳጥበው፣ እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር አለኝ፤ ዝም ብሎ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። መልሼ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት፤ ኪኒኑን እንደገና ጀመረ። እኔና እናታችን እየተፈራረቅን አጠገቡ ነን፣ ብቻውን አንተወውም።

ባለፈው እሑድ የምናለ ሽማግሌዎች ስለ ሰርጉ ሊነጋገሩ መጡ። ስለ ልጁም ጠየቁ። ጋሽ ይታየው ስለ አብሾ መተረክ ሲጀምሩ ከጓዳ ወጣሁ። አብሾ አልጠጣም፣ ወንድሜ ድባቴ የሚባል በሽታ ታሟል፣ እየታከመ ነው፣ ይህን ይዞ የሚወስደኝ ይውሰደኝ አልኳቸው። እናታችን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌዎቹ እንነግራለን ብለው ተነሱ፤ እስካሁን ወሬያቸው የለም። ቢቀርም ይቅር፣ በዚህ መንገድ አልዳርም።

ጋሽ ይታየው ግን ጤፉ ሲገባ ማርከሻውን እንደግምለታለን ብለው ዝተው ነው የወጡ። የእናታችንን ቃል አይሰሙም፣ እኔንማ ደፋር ብለውኛል። የሚሰሙ አንተን ብቻ ነው፤ የቤቱ ታላቅ ነህ። ደውልና እጅዎን ከልጁ ላይ ያንሱ በላቸው። ሁለተኛ ያን ነገር ቢግቱት አይተርፍልንም። ብትፈልግ ከዚያ በኋላ እኔን ተቆጣ።

እናታችን እስከ ቤተሰብህ ሰላም ብላሃለች፤ ሕፃኑን ሳታቅፈው አትሙት ብለህ ጸልይላት። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ሰላም ብላሃለች፤ ያን ቀን ልጁን ልቀቁት ብላ የጮኸች እሷ ብቻ ናት። ክርስትና እናትህ እማሆይ አመተ ማርያም ከነምርቃታቸው ሰላም ብለውሃል። ቤተልሔምን በጉንጯ፣ ሕፃኑን በግንባሩ ሳምልኝ።

ምስጋናን ለወንድምህ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። ልቀቁኝ ስል ሰምቶኛል በይው አለኝ።

እህትህ የትናየት
እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.