የፑንቲናው ብሎን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽም የላክሽው ሳጥንም በአንድ ቀን ደረሱኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እናትሽም ደህና ናት፤ ስፌቷ ላይ አጎንብሳ እንደ ልማዷ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ፊደሌ ቢገዝፍብሽ ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው።

በስልክ "አባዬ፣ በፑንቲናው ፋንታ የላክሁትን ኤሌክትሮኒክ አስገባኸው ወይ?" ስትዪኝ "እናያለን" ብዬ የዘጋሁብሽ፣ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አሮጊቷ መኪናችን ግመሏ ከነሐሴ ጀምሮ አልነሳም የሚል አመል አወጣች። ያውም ቅዳሜ ቅዳሜ። ቅዳሜ እንደምታውቂው ከወንዙ ማዶ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ለምርመራ ጤና ጣቢያ የማደርስበት ቀን ነው፤ ያንን መሻገሪያ ከእሷ ሌላ የሚደፍር መኪና የለም። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ያጓራል፣ ያጓራል፣ አይነሳም። ኮፈኑን ከፍቼ የእሳት አከፋፋዩን ክዳን ሳነሳ ፑንቲናው ቦታውን ለቋል። በልጅነትሽ "የግመሏ ጥርሶች" የምትያቸው፣ እየተከፈቱና እየተዘጉ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያስነሱት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የጥፍር ውፍረት አይሞላም፤ ብሎኑ ሲላላ ክፍተቱ ይጠፋል፣ እሳቱም አብሮ ይጠፋል። አስተካክዬ ሳጠብቅ ረፋዱ ያልፋል። ሴቶቹ ደግሞ ያን ጊዜ ተመርምረው ጨርሰዋል፤ ነርሷ በታንኳ ተሻግራ ትደርስላቸዋለች። እንዴት ቀድማ እንደምታውቅ ያኔ አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መካኒኩን ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ስለሚጨፍን ሰፈሩ "ጆሮ" ይለዋል። ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ዘፈን ነው ያለው።

"ጋሼ፣ ፑንቲና ጊዜው አልፏል። ኤሌክትሮኒኩ የሚላላ ብሎን የለው፣ የሚለካ ክፍተት የለው። አንዴ አስገብተው ይረሱታል።"

"ወንዝ መሃል ሲሞትብኝስ? ፑንቲናን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስነሳዋለሁ። ያንን ጥቁር ሳጥን በምን ልፈግፍገው?"

"አይሞትም ጋሼ።"

"አይሞትም የሚሉኝ ነገር ነው የሚያስፈራኝ" አልኩት።

ብሎኑን እያላላ ዕቃ ሊያስለውጠኝ ነው ብዬ ካቻቢቴዎቹን በዓይኔ መከተል ጀመርኩ። ከዚያ አንቺ ሳጥኑን ላክሽ። እውነቱን ልንገርሽና አንቺንም ጠረጠርኩሽ፤ ከጆሮ ጋር ተማክራችሁ ይሆናል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ነገሩን ያባሰው ግን የእናትሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ይሄን ፑንቲና አውጥተህ ጣልልኝ" ስትል የኖረች ሴት፣ ሳጥኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"የለመድከው ይሻልሃል" አለችኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው ለፑንቲና ጠበቃ የቆምሽው?"

"አዲስ ነገር አይመቸኝም" ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

ነገሩ አልጥምህ አለኝ። በማግስቱ ብሎኑ ራስ ላይና ከሥሩ ባለው ብረት ላይ በሞረድ አንድ ወጥ ጭረት ጫርኩ፤ በጥፍር የሚዳሰስ። ብሎኑን የነካው ሰው ካለ ሁለቱ ጭረቶች አይገጥሙም። በዚያ ሳምንት ጆሮ እህቱ ታማበት ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጥፍሬን ሳሳልፍበት ጭረቱ መሃል ላይ ተሰብሯል። የግቢውን ቁልፍ የያዝነው ደግሞ እኔና እናትሽ ብቻ ነን።

ያሰብኩትን ስነግርሽ አፍራለሁ። ግመሏን የሚገዛ ሰው አግኝታ ይሆናል፣ ተበላሸች ተብላ እንድትወጣላት ነው አልኩ። አብሬያት እራት እየበላሁ እጇን አያለሁ።

ባለፈው ዓርብ "ፀጉሬን ልስተካከል" ብዬ ወጣሁና በጓሮ በር ተመልሼ ግመሏ አጠገብ ካለው የውሃ ታንከር ኋላ ቆምኩ። ብዙም አላስጠበቀችኝ። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። ኮፈኑን ድምፅ ሳታሰማ አነሳች፤ የክዳኑን መንጠቆዎች በአውራ ጣቷ ፈታች፤ ከኪሷ የስፌት መኪናዋን ትንሽ ካቻቢቴ አውጥታ ብሎኑን አላላችው። ክዳኑን ስትመልስ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ልክ እኔ እንደምጠርገው። ስንት ዓመት "መብራት ያዢልኝ" እያልኩ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"ሩብ ዙር ይበቃት ነበር" አልኳት።

አልደነገጠችም። ካቻቢቴዋን ኪሷ ከተተች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?"

"ከጅምሩ።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። በራችን ላይ የቆመውን ቀይ መኪና ሰሌዳ አንብብልኝ።"

የጎረቤታችን መኪና ነው፤ ቁጥሩን ሳላመነታ ነገርኳት።

"የጎረቤታችን መኪና ሰኞ ተሸጧል" አለች። "ይሄ የእንግዳ ነው። የሚመሳሰሉት በቀለም ብቻ ነው።"

መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት።

"ሐምሌ ላይ የግመሏ ጎን የተጫረው በግንብ ነው ብለኸኝ ነበር" አለች እናትሽ። "እውነቱን ነርሷ ነግራኛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በታንኳ እንድትሻገር የተማከርነውም ያኔ ነው። መሻገሪያው ጋ የቆመችውን ሴት እሷ ስባ ባታወጣት ኖሮ ግንቡ ጋ ሳትደርስ ሴትዮዋን ትገጫት ነበር።"

ለአንቺም ግንብ ነው ብዬሽ ነበር። ግንቡ እውነት ነው።

"ብትነግሪኝስ?" አልኳት።

"ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ዓይንህን ታየው ባልኩህ ቁጥር መነጽርህን ጠርገህ ትመጣለህ።"

"ቁልፉን ብትደብቂውስ?"

"ቤቱን ታፈርሰው ነበር። ሞተር እምቢ ሲልህ ግን የምትቆጣው ሞተሩን ነው።" ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። "የአንተን ቁጣ አልፈራም። የፈራሁት ከእነዚያ ሴቶች አንዷን የገጨህ ዕለት ራስህን የምታደርገውን ነው።"

ኮፈኑን አብረን ዘጋነው።

ሰኞ ጆሮ ዕቃውን ይዞ መጣ። እናትሽ ልብስ የምታሰጣ መስላ ጆሮዋን ጥላለች።

"ጋሼ፣ የቱን እናድርግ?"

"ፑንቲናው ይቆይ" አልኩት። "ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንተ ትነዳለህ። እኔ አጠገብህ ሆኜ ማርሹን አዳምጣለሁ።" ቀጥዬም "ጠርጥሬህ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለኝ። "ዕቃ ሳቀብልዎት እጄንም አብረው ሊወስዱት ነበር።"

ጆሮ ሲሄድ እናትሽ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "ከእንግዲህ ብሎኑን አልነካውም፤ ብቻህን እንደማትነዳ ቃልህን ስጠኝ" አለችኝ።

"ቃል አልሰጥሽም" አልኳት። "አንድ ጠዋት ፀሐዩ ጥሩ ይሆንና መንገዱ ሁሉ የሚታየኝ ይመስለኛል። ራሴን አውቀዋለሁ። ጆሮ ሲመጣ አጥብቂው፤ ሲሄድ አላሊው።"

ከዚያ የፑንቲናውን ክፍተት እንደ ቅጠል በሳሳችው መለኪያ ብረት መለካት አስተማርኳት። በሦስተኛው ሙከራ ልኩን አገኘችው። የእኔን ያህል ዓመት አልፈጀባትም።

ማክሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። እሱ ያለውን እናትሽ ትነግርሻለች፤ እሷ አሳምራ ታወራዋለች።

ሳጥንሽን አልመልሰውም። ግመሏን ተረክበሽ ራስሽ የምትነጂያት ቀን አስገቢው፤ ያኔ የሚላላ ብሎን አያስፈልግም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ከጠርጣራ ሰውም ይሰውርሽ። ለሚቀጥለው ዓመት ያልሽውን መምጣትሽን ወደዚህ ብታቀርቢው ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ፊትሽን ልይ ብዬ ነው።

አባትሽ