ሳልዳስስ የደፈንኳት ቀዳዳ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ከወንበር ሲነሱ ግድግዳውን ይማጸናሉ? እናቴስ፣ ቤተሰቡስ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን የምጽፍልዎት በምሳ ሰዓት፣ ከምናድሰው አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከአንዲት ቀዳዳ ሳልነቅል ነው።

ቤቱ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በየስንጥቁ ድንቢጦች ጎጆ ሠርተውበታል። የቅርስ ባለሙያዋ ገና ስንጀምር ጫጩት ያለበትን ቀዳዳ ሁሉ በጠመኔ ከብባ፣ "ልጆቻቸው እስኪበሩ እነዚህን እንዳትነኩ" ብላ አስጠነቀቀችን። ከትናንት ወዲያ ግን ዝናብ ጣለ። ውሃ መውረጃው ሥር የነበረችውን አንዷን ክብ አጥቧት ኖሯል። እኔም ትናንት ከሰዓት፣ ምልክት ከሌለው ባዶ ነው ብዬ በድንጋይና በኖራ ደፈንኳት።

አባባ፣ እርስዎ "ጣትህን ሳትከት ቀዳዳ አትድፈን" ሲሉኝ፣ እኔ "አንድ ቀን እባብ ይነድፍዎታል" እያልኩ ስስቅብዎት ኖሬያለሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስመጣ እናቲቱ ትል በአፏ ይዛ እርጥቡን ልስን ትቧጥጣለች። ለካቦው ብነግረው፣ "ነገ ርክክብ ነው! ያለቀ ግድግዳ ለወፍ ብለህ ልታፈርስ ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። መሮና መዶሻዬን ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ድንጋዩን ሳነሳው ውስጡ ጭጭ ብሏል። ጣቴን ከተትኩ። መጀመሪያ የነካሁት በድን ነበር፤ ዕንባዬ መጣ። ጠለቅ ሳደርገው አንዱ ነከሰኝ። አባባ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያስደሰተኝ ንክሻ የለም። ሁለቱ በሕይወት አሉ።

የመዶሻው ድምፅ ግን እናቲቱን አባረራት። ባለሙያዋ "ዛሬውኑ ካልተመለሰች አይተርፉም" አለች። ካቦው ደግሞ "ካልመጣች ቀዳዳዋን መልሰህ ደፍነህ፣ ዕቃህን ሰብስበህ ትሄዳለህ" ብሎኛል። ሥራውስ ይቅር፣ ግንብ የትም አይጠፋም። የከበደኝ በገዛ እጄ የቀበርኳቸውን ዳግመኛ መቅበሩ ነው።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል ይበሉልኝ፤ ባለቤቷንም ያ ሳቁ እንዳይጎድልበት ይበሉልኝ። አክስቴን ደግሞ

ቆይ አባባ፣ መጣች። ጣሪያው ጫፍ ላይ ናት። ትል ይዛለች። ወረደች። ኧረ ወደ ጣሪያው ተመለሰች! ካቦውም ቆሞ ያያል። ደግማ መጣች። ገባች! አባባ፣ ገባች!

ብድግ ብዬ ቆሜ ስጽፍ ፊደሉ ቢጣመም አይፍረዱብኝ። አክስቴንም ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት፣ ሙያውንም ከእርስዎ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ነውና፣ ይህችን ጮክ ብሎ ያንብባት፦ አንተ ሳቂታ፣ መጀመሪያ ጣትህን ክተት።

ልጅዎ
ከአሮጌው ቤት ደጃፍ፣ ግንቦት 17 ቀን