ከድልድዩ ወዲህ ብቻ ለሚሠራው ሕግ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የክልላችን የፍትሕ ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቴሌቪዥን ያየሁት አዲሱ የቢሮዎ ምንጣፍም ደኅና እንደሆናችሁ አምናለሁ። እኔ በአውቶቡስ መናኸሪያው ሁለተኛ መስኮት ላይ ትኬት የምቆርጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስላበቃ የአጻጻፍ ስሕተት ቢያገኙ ይለፉልኝ፤ ወሬ ማብዛቴን ግን ይቻሉት፣ ተፈጥሮዬ ነው። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለው ሕግዎ ወጣ ሲባል ደስታዬ ልክ አጥቶ፣ የተሰለፈ መንገደኛ ትቼ ከመስኮቴ ወጥቼ እልል ብያለሁ። ደስታው እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ምክንያቶቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለግንዛቤ ማስጨበጫው አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ በሰፈራችን አዳራሽ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብልን፣ የወንድሜ አማት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያንቀላፉ ቆዩና፣ «በክልሉ ውስጥ ማንኛውም ሰው» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይናቸው ፍጥጥ አለ። «ልጄ፣ እስቲ እሷን ድገማት» አሉት። ደገመላቸው። «ክልከላው እንግዲህ በክልሉ ብቻ ነዋ?» ቢሉት፣ ትሑቱ ባለሙያዎ «ትክክል ብለዋል እማማ፣ በደንብ ገብቶዎታል!» ብሎ አስጨበጨበላቸው። እውነትም በደንብ ገብቷቸው ነበር።

፪. ለሥራችን መድራት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ከከተማችን መውጫ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ ክልል ነው፣ እዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ «እየተረቀቀ» ነው። ድሮ ወደ ማዶ የሚሄደው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመላለስ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ወንበር አይገኝም። ተሳፋሪዎቹ አያቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ሲሄዱ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ወንበር ተጣበው፣ እየተጎነታተሉና እየተሳሳቁ ነው። ሲመለሱ ግን ለአንዷ ልጅ ሁለት ወንበር ይጠየቃል፤ መቀመጥ ስለማትችል ተጋድማ ነው የምትመጣው። ድርጅታችን በገበያው ተደስቶ ሌላ አውቶቡስ ጨምሯል፤ ምስጋናው ለእርስዎ ይገባል።

፫. ለፖሊሶችዎ ትሕትና አመሰግናለሁ። ባለፈው እረፍት የወንድሜን ትልቋን ልጅ አያቷ፣ እኚያው የወንድሜ አማት፣ ወደ ማዶ ሊወስዷት ሲሰናዱ ወደ ጣቢያ ሮጥኩ። መርማሪው «እትዬ፣ ገና ያልሆነ ነገር ምን ብለን እንከሳለን? ሲሆን ይምጡ» አለኝ። ሆነ። እንደገና ሄድኩ። ያው መርማሪ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ውይ እትዬ፣ ይሄ እኮ ማዶ ነው የሆነው፤ ከእኛ ሥልጣን ውጭ ነው» አለኝ። በፊተኛው ቀን ቸኩዬ፣ በኋለኛው ርቄ ተገኘሁ ማለት ነው። ክቡርነትዎ ሕጉ ልጅ የሚያስጥልባት ያቺ ቅጽበት ከየት እስከ የት እንደሆነች ቢያመለክቱኝ፣ እዚያች ላይ ቆሜ በጠበቅኩ ነበር።

ልጅቷ ዛሬም ሽንት ቤት ስትገባ ቧንቧውን አስቀድማ ትከፍታለች፤ ድምጿ እንዳይሰማ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩልዎ አላውቅም፤ ከምስጋናው ጋር አይሄድም።

፬. አሁን ተራው የታናሽየዋ ነው። ወሬዋ እንደ እኔ ስለማያልቅ «ጥያቄ» እያልን ነው የምንጠራት። ወንድሜን ለመንኩት፤ «የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኔን አታስገቢኝ» አለኝ። ሚስቱን ለመንኳት፤ «እናቴን ማን ይመልሳታል?» ብላ አለቀሰች። አማትየዋ ራሳቸው ወደ መስኮቴ መጡና «ለመሄጃ ሁለት፣ ለመመለሻ ሦስት ወንበር» አሉኝ። አልቆርጥም አልኩ።

«ለምን? ሕግ ጣስኩ?»

«እማማ፣ በሞቴ፣ የትልቋ ሥቃይ አይበቃም?»

«መንግሥት እዚህ አታድርጉ አለ፣ እሺ አልኩ። ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይታዘዝ? ይልቅ ሕግ የማታከብሪው አንቺ ነሽ!»

ተቆጣጣሪያችን ጩኸት ሰምቶ መጣና መንገደኛ መከልከል እንደሚያስቀጣ አስታወሰኝ፤ አማትየዋም ትኬቱን ከጎኔ ካለው መስኮት ቆረጡ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በዚህ ጉዳይ እስካሁን የቅጣት ስም የተነሣበት ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ። ሕግ የለም የሚሉትን ሁሉ በዚሁ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ግን ቃሉ ከቃል አልገጥም ብሎኛል።

ለሕግዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮትና ለወሰኑ ካለኝ ሙሉ ግንዛቤ ጋር፣ ብዕርዎ እንዳይደርቅ፣ ፊርማዎ እንዳይደበዝዝ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ትኬት ቆራጯ፣ የሁለት ልጆች አክስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን የሚያትመው ጋዜጣ ሐሙስ ይወጣል፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት ይነሣል። በመካከል ያለችው ዓርብ ናት፤ ዓርብ ደግሞ የሕጉን መውጣት የምታስታውሱበት ስብሰባ ስላለ ለሌላ ጉዳይ እንደማይመችዎ ሰምቻለሁ። አይጨነቁ። «ጥያቄ» ትናንት መናኸሪያ ድረስ መጥታ «አክስቴ፣ ወንዙን እንዳይ መስኮት ዳር አድርጊኝ» ብላ ለምናኝ ወንበሯን ቀይሬላታለሁ። የእኔ ሥልጣን እስከዚህ ድረስ ነው፤ የእርስዎን አላውቅም።