ቦንድ እንደ በግ አይከሳም

ለልጅ ልጄ ለፀደንያ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ያ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ባንካችሁስ ይሞቃል ወይ? እህል በወጉ ትቀምሻለሽ ወይስ ዛሬም ወገብሽ በአንድ እጅ ይጨበጣል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል፤ ምላሴ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ያጠፋውም እሱ ነው።

አምና በጎቼን ሸጬ ብሩን ስልክልሽ የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ ገዛሽልኝ። በየስድስት ወሩ ወለድ፣ በመጨረሻው ዋናው። እኔም መንግሥት ባለዕዳዬ ነው እያልኩ በሰፈሩ ስንጎራደድ ከረምኩ።

በጥቅምት ግን ያ ሬዲዮ ከጆሮው የማይለየው ጎረቤታችን ወዳጆ መጣና፣ የዋጋ ንረቱ ቁጥር ከታሰበው በልጦ ወጥቷል፣ ብሔራዊ ባንክም ወለድ ሊጨምር ነው እየተባለ ነው አለኝ። የኔ ወለድ የሚጨምር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ደወልኩልሽ። አንቺ ግን፣ አባባ የእርስዎ ወለድ ባለበት ነው፤ የተሻለ ወለድ ያለው አዲስ ቦንድ ሲመጣ አሮጌውን በቀድሞ ዋጋው የሚገዛ ስለማይገኝ ገበያ ላይ ይረክሳል፤ ቀኑ እስኪደርስ ከያዙት ግን ሙሉውን ያገኛሉ አልሽኝ። እኔ መርከሱን ሰምቼ ሌላውን መቼ ሰማሁ! በልግ የቀረ እንደሆነ ሞላሌ ገበያ የምናደርገውን ታውቂያለሽ፤ ሰው በጉን ሳያወጣ ቀድሞ ማውጣት ነው፣ የዘገየ አጥንት ይሸጣል። በዚያው ልማዴ ዛሬውኑ ሽጪ ብዬ አስጨነቅሁሽ። እያለቀስሽ ሸጥሽ።

ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሰማንያ ዘጠኙ ብቻ ሲመለስ ደግሞ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት በማኅበሩ ፊት፣ «ልጅቱ በልታብኛለች» አልኩ። ወሬው አንቺ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም።

ከዚያ ወዲህ የንረቱ ቁጥር ሁለት ወር ተከታትሎ በረደ፣ ባንኩም ወለዱን ሳይነካ ቀረ፣ ቦንዱ ዋጋው ተመለሰ አሉ። ይህንንም ያመጣልኝ ያው ወዳጆ ነው፤ እፍረት የሚባል አያውቅም። ለካ ቦንድ ሣር አይፈልግ፣ ውሃ አይፈልግ፣ አይከሳ፤ አርፎ ቀኑን መጠበቅ ብቻ ነበር።

ብሩስ ይሂድ። ለገና አልመጣሽም፣ ለፋሲካም አልመጣሽም። አያትሽ ድርሻሽን ቋንጣ አድርጋ ሰቅላዋለች፤ እኔን አታስነካኝም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ያንኑ የማኅበር ሰው አስቆምኩና፣ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ባሉበት፣ «ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ፀደንያ አንዲት ሳንቲም አልነካችም» አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃቸው ኖሬ፣ ትናንት አንድም ሰው አልሳቀም። አንቺ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ልልክ ፈልጌ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ አጣሁ። እንግዲህ በዚህ ወረቀት ይቅር በዪኝ።

አያትሽ ወለተ ኢየሱስ ጉንጭሽን ስማለች። አጎትሽ ማሙሽ ከነባለቤቱ ሰላም ብሎሻል። ወዳጆም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ መቀበሉን ላንቺ ትቻለሁ። አብሮሽ ያለውን ወንድምሽን ኪዳነን ሳሚልኝ።

እኔን ማናገር ከከበደሽ በአያትሽ ስልክ ደውዪ። እኔ ከጎኗ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አያትሽ ገብረየሱስ
ሞላሌ፣ መንዝ
የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.